ለጤናዬ ነው የምሄደው

መራመድ ለጤና ጥሩ ነው የሚሏችሁ ሰዎች አንድ ነገር ይደብቋችኋል፤ የት ሰፈር እንደሆነ አይነግሯችሁም። ልብ ያጠነክራል፣ ስኳር ያወርዳል ይሏችኋል፤ እውነት ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ሐሳብ ያቀልላል ይሏችኋል፤ እሱም እውነት ነው፣ በገዛ ገላዬ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ኮልፌ ግቢው ውስጥ መኪና ያቆመ አንድ ጎልማሳ በየማለዳው በእግሩ ወደ ሥራ ሲሄድ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ፣ ያሰበውን ለማን እንደሚያወራ፣ ያ ወሬ ዞሮ ዞሮ ትዳር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ የጻፈ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዲህ እኔ ልጻፈው።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ፋይል መጠበቅ ነው። ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ተያይተን ተቀምጠናል። ቤቴ አጠና ተራ ጀርባ ነው። ዳቦ ቤቱ ከኛ ግቢ ታጥፎ ሦስተኛው በር ላይ ነው፤ እኔ ግን በመኪና ነበር የምሄደው። የኛ ቅያስ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይዞርበትም፤ ስለዚህ ዳቦዬን ይዤ እስከ ዋናው መንገድ እወርድና እዚያ አዙሬ እመለሳለሁ። በእግር ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን ዳቦ በሃያ ደቂቃ ይዤ ገብቼ፣ ሚስቴ አስካለ ላይ ዳቦው ቀዝቅዟል ብዬ እነጫነጭባት ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ስለ ሌላው ሰው ልናገር ከመጀመሬ በፊት ከማን አፍ እንደምትሰሙት እንድታውቁት ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ እግሬን ይደነዝዘኝ ጀመር። እንቅልፍም ጠፋ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራውን እያየሁ፣ ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በፊት አለቃዬ የተናገረኝን ነገር ዛሬ እመልስለት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። የደም ምርመራውን ወረቀት አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ስፖርት እሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኳስ አያለሁ አልኳት። አልሳቀችም። ስኳሬ ጫፍ ላይ መቆሙን፣ ግፊቴም ወደ ላይ ማየት መጀመሩን ነገረችኝ።

«መድኃኒት ልጀምርልዎት እችላለሁ» አለችኝ። «ወይም ደግሞ በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱና ከሦስት ወር በኋላ እንተያይ። ግን እውነት የሚሄዱ ከሆነ ነው።»

ይቺ «እውነት የሚሄዱ ከሆነ» ያለቻት ናት ያናደደችኝ። እንደ ዋሾ ነው ያየችኝ። ልክ ነበረች፤ አልሄድም ነበር። ግን በንዴት እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ በእግር አርባ አምስት ደቂቃ እንደሚሆን ይወራ ነበር፤ ሄዶ ያረጋገጠ ሰው ግን አላውቅም።

የመጀመሪያ ቀን በቢሮ ጫማዬ፣ በሱፍ ኮቴና በከረቫቴ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ሳልደርስ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ኮቴ ጋ ደርሷል። የእግረኛ መንገድ ተብሎ የተሠራው ላይ አንዱ አሸዋ አራግፏል፣ አንዷ ድንች ደርድራለች፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ሶፋ ሠሪው ሶፋዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። መሄጃ ሲጠፋ ሰው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ የሚጠብቀው ሚኒባሱ ነው። እኔ በሚኒባሱና በሶፋው መሃል ስጨነቅ ቆየሁና ሶፋውን መረጥኩ። ትንፋሼ እስኪሰበሰብ ብዬ ቁጭ አልኩበት። ባለቤቱ መጥቶ ስለ ጨርቁ ጥራት፣ ስለ ስፖንጁ፣ ከእንጨቱ ምን ያህል ዘመን እንደሚጠበቅ ያስረዳኝ ጀመር። ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሐኪም መራመድ ካዘዘለት ሰው ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ሶፋ ለመግዛት የተቃረበ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ግን ቀጠልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሸራ ጫማ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ፤ ተኛሁ። ጭንቅላቴ ትራስ ሲነካ ነው የማስታውሰው፣ ከዚያ ነግቷል። አለቃዬን አሥራ አምስት ዓመት ከተሟገትኩት በኋላ ተውኩት። በመንገድ ላይ እያለሁ ሐሳቦቼ መጀመሪያ እንደ ገበያ ይጮሃሉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ይሄዱና እግሬ ብቻ ይሰማኛል። ይሄን ነገር ለሰው ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ያዳመጠኝ ሰው ሁሉ በሐዘን ነው ያየኝ።

ሐዘኑ የጀመረው ታክሲ ተራው ላይ ነው። ተራ አስከባሪው ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰውዬ ነው፤ መጀመሪያ ሳልፍ እንደማንም ጦር ኃይሎች ጦር ኃይሎች ብሎ ይጠራኝ ነበር። አልገባም። በሦስተኛው ቀን በሩን ይዞ ጠበቀኝ። አልገባሁም። በሁለተኛው ሳምንት ሰልፉን ትቶ ወደ እኔ መጣና፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ፣ «ፋዘር ይግቡ፤ የዛሬውን በኔ ይተውት» አለኝ። ለጤናዬ ነው የምሄደው ብዬ አመሰገንኩት። ኩራት መሰለው። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልፍ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል፤ ሰው ወድቆ እያየ እንዳላየ የሚሆነው ዓይነት አጣጣል ነው።

ጋሽ ደምሴ ግን ዓይናቸውን አይጥሉም። ጋሽ ደምሴ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በራቸው ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ቅያሱን ሲጠብቁ ይውላሉ። ከዚያ ወንበር ሲነሱ ያየኋቸው ፀሐይ ሲመጣባቸው ወደ ጥላው ለመጎተት ብቻ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠርተው መኪናህ ተበላሸች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኳቸው። ታዲያ ምነው ሲሉኝ፣ ለጤናዬ ነው የምሄደው አልኳቸው። ይሄን ቃል ተናግሬ የሄድኩበት ቀን ነው ስህተቴ። በኛ ሰፈር ስለ ጤናው ደጋግሞ የሚያወራ ሰው ጤና የለውም ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ስለ ጤና ምን አስወራው?

እንግዲህ በመጀመሪያው ወር ታመመ ተባልኩ። ሸፍኜ ያቆምኳት መኪና አቧራ ስትለብስ ደግሞ ከሥራ ተባረረ ተባልኩ፤ በየማለዳው ለብሼ የምወጣው ሚስቴን ለማታለል ነው፣ ቀኑን አንድ ቦታ ተቀምጬ ነው የምውለው አሉ። ይሄኛው ወሬ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያደረግኩት እሱን ነው። ወጣት ልጅ ቁምጣ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ክር ሰክቶ ሲሮጥ ስፖርተኛ ነው ይሉታል። ሃምሳን ያለፈ ሰው በሱፍ ሱሪ ፈጠን ብሎ ሲሄድ ግን ወይ የሚሸሸው አለ፣ ወይ የጠፋበት አለ።

ከሁሉ የባሰው መራመዱ መሥራት መጀመሩ ነው። ከሳሁ። ሆዴ ገባ፣ ሱሪዬ ሰፋ፣ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበሳ። ሐኪሟ ብታየኝ ደስ ይላት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ማስረጃ ነው ያገኘው። አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንዲት ጎረቤታችን የእጄን አንጓ ይዘው በጣታቸው ለኩና እንባ አቀረሩ። የሟች ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለኔ ተለቀሰልኝ።

የሚስቴ ወንድም ወልዴ አስኮ ነው የሚኖረው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል፤ ቁም ነገረኛና ቁጥብ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ሳይደውል ግማሽ ኩንታል ጤፍና አንድ ጀሪካን ዘይት ጭኖ መጣ። አውርዶ ከጨረሰ በኋላ እኔን ሰላም አለኝና ወጥ ቤት ገብቶ ከእህቱ ጋር በጉራጊኛ ማውራት ጀመረ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የምሰማው የራሴን ስም ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት ጉራጌ አግብቼ ከቋንቋው የማውቀው ብላ የሚለውን ነው፤ እሱንም ስለምበላ ነው። ሲወጣ ከሥራ አልተባረርኩም ብዬ የመሥሪያ ቤቴን መታወቂያ አሳየሁት። ተቀበለኝና ገልብጦ የሚያበቃበትን ቀን አየ።

ወልዴ ከሄደ በኋላ አስካለ መናገር ጀመረች። እድር ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ እንደሚያቋርጡ፣ አንዷ እንኳን ትከሻዋን ይዛ አይዞሽ እኛ አለን እንዳለቻት ነገረችኝ። እሷ መኪናም ጤፍም አልቸገራትም፤ የቸገራት አይዞሽ መባሉ ነው። እኔም ሰው ያለውን ይበል ብዬ ልፎክር ስል፣ አንተ በእግርህ ታልፋቸዋለህ፣ እኔ ግን አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ነው የምውለው አለችኝ። በመጨረሻ ከፈለግክ ተራመድ፣ ግን ከዚህ ሰፈር ውጭ አድርገው፣ በመኪናህ ውጣና ሰው ይይህ አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። በእግር ለመሄድ በመኪና መሄድ ጀመርኩ። ዳቦ ቤት በመኪና ከሄደ ሰው የሚጠበቅ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ አልከራከርም። ጠዋት መኪናዬን አጥቤ፣ ጋሽ ደምሴን በመስኮት ሰላም ብዬ እወጣለሁ። ቤተል አካባቢ ጸጥ ያለ፣ ዛፍ ያለበት አንድ ቅያስ አገኘሁ። የማውቀው ሰው የለም፣ ሶፋ የለም። አንድ ቀይ በር ያለው ግቢ አጥር ሥር ሜዳ ቦታ ስላለ መኪናዬን እዚያ አቆማለሁ፤ ብሎኩን ዘጠኝ ጊዜ ስዞረው አርባ አምስት ደቂቃ ይሞላል። በላብ ቢሮ መግባት ስለማይሆን መኪናዬ ውስጥ ፎጣ፣ መቀየሪያ ሸሚዝና ትንሽ ሽቶ አስቀመጥኩ። ፊቴን እየጠራረግኩ፣ ሸሚዜን ቀይሬ፣ ሽቶዬን ነካ አድርጌ እንደ ሙሽራ ቢሮ እገባለሁ። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ በዚህኛው ጊዜ ሳቀች። ስኳሬ ወርዷል። የመድኃኒቱን ነገር ተውነው። ያን ቀን እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ሰፈሩም ጸጥ አለ፣ አስካለም ጸጥ አለች። የአስካለ ጸጥታ የሰላም መሰለኝ።

ከሐኪሟ ቀጠሮ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወልዴ በሱፍ፣ ከኋላቸው ደግሞ ስማቸውን የማላውቅ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሽምግልና በሁለት ሰው አይሆንም ተብሎ የተጨመሩ ይመስለኛል፤ ገብተው ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አስካለ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ለስላሳ ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«ልጄ፣ ነገሩ ታውቋል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «የመጣነው ልንኮንንህ አይደለም። ቤትህ እንዳይፈርስ ነው።»

የቤተሉ መራመዴ ታውቆ፣ ሐኪሜም፣ ስኳሬም ሁሉ የተወራ መሰለኝ። ተናደድኩ እንጂ አልደነገጥኩም። «መደበቁ የኔ ሐሳብ አልነበረም» አልኳቸው። «ከሰፈር ውጭ አድርገው ያለችኝ አስካለ ናት።»

ወልዴ ዞሮ እህቱን አያት። እሷ መሬት ታያለች።

«እሷ ታውቃለች ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እንዴት አታውቅም? ፎጣውን የምታጥበው እሷ ናት።»

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ። እሑድ ብቻ ነው የማርፈው።»

«ብዙ ትቆያለህ?»

«አርባ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ስሄድ ልቤ ልትወጣ ትደርስ ነበር፤ አሁን ሰውነቴ ለምዶታል።»

ስማቸውን የማላውቃቸው ሽማግሌ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በዚህ ዕድሜህ» አለ ወልዴ፣ ለኔ ሳይሆን ለወለሉ።

«በዚህ ዕድሜ ነው እንጂ የሚያስፈልገው» አልኩት። ስሰበክ ስለከረምኩ መስበክ አማረኝ። «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። እንቅልፌ ተመለሰ፣ ግፊቴ ወረደ። ጋሽ ደምሴም ዝም ብለው ወንበር ላይ ከሚውሉ ቢጀምሩት ጉልበትዎ ይፍታታል። ከፈለጉ ነገ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ጋሽ ደምሴ አማተቡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው ቦታው የት እንደሆነ ጠየቁኝ።

አስካለ ናት የገላገለችን። ከሁለቱም ወገን የሚወራው የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና፣ «ስለ ሴትየዋ ነው የሚጠይቁህ» አለችኝ።

የትኛዋ ሴትዮ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ጋሽ ደምሴ ቤተል ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው መኪናዬን ከቀዩ በር ሥር አይተዋታል። የግቢው ባለቤት ብቻዋን የምትኖር፣ ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤት የሠራች ቆንጆ ሴት መሆኗን ለቅሶ ቤት ውስጥ ጠይቀው ተረድተዋል። ቆመው ሲጠብቁ እኔ በላብ ርሼ፣ ፊቴን በፎጣ እየጠረግኩ፣ ፈገግ ብዬ ከች አልኩ። ቅያሱ በሩ አጠገብ ስለሚታጠፍ፣ እሳቸው ከቆሙበት ሲታይ ከግቢው የወጣሁ ነው የሚመስለው። ይሄ አላጠገባቸውም። እንዳልበድለው ብለው በሦስት ማለዳ ተመላልሰው አይተዋል። ከዚያ ለወልዴ ነገሩ፣ ወልዴ ለእህቱ ነገረ፣ እህቱ መኪናዬን ከፍታ ሸሚዙንና ሽቶውን አገኘች። እኔን ያስገረመኝ ሴትየዋ አይደለችም፤ ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነስተው ሦስት ማለዳ ቤተል ድረስ መሄዳቸው ነው። ለፀሐይ ካልሆነ ለማንም አልነሳም የሚል ሰውነት ለሰው ኃጢአት ሲሆን እንዴት እንደሚፍታታ አያችሁ።

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። የሚያምነኝ ጠፋ። ወልዴ ነጋዴ ነውና ዕቃ ሳያይ አያምንም፤ ሄደን እንጠይቅ አለ። እንግዲህ በዚያ እሑድ አምስታችንም በኔ መኪና ቤተል ሄድን፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ተጣበው፣ አስካለ ከፊት አጠገቤ ሆና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። በሕይወቴ ከሽማግሌ ጋር ሄጄ የሴት በር ያንኳኳሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ሚስቴን ይዤ ነው።

ቀዩን በር የከፈተው ዘበኛው ነው። እኔን ሲያይ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ ወደ ወልዴ ዞረና፣ የዚህ ሰውዬ ዘመድ እናንተ ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወልዴ እያመነታ ነን አለው። ዘበኛው ተገላገለ። በየማለዳው መኪናውን እዚህ አቁሞ ብሎኩን ዘጠኝ ጊዜ እንደሚዞር፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ፣ እንደሚያፏጭ፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ልብስ ቀይሮ ሽቶ ተቀብቶ እንደሚሄድ ነገራቸው። «አንድ የጠፋበት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር» አለ። «እንዳላባርረው አሳዘነኝ። ጠበል ወስዳችሁት ታውቃላችሁ?» ስለ ግቢው ባለቤት ሲጠይቁት ደግሞ ተመልሳ ዱባይ ከሄደች ዓመት ሊሞላት መሆኑን፣ ግቢው ውስጥ ከሱና ከውሻው በስተቀር ሰው እንደሌለ ተናገረ። ሴትየዋን እስከ ዛሬ አላየኋትም። ቆንጆ ናት አሉ።

ከሴሰኛነት ወጥቼ ወደ እብድነት በመዛወሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወልዴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጋሽ ደምሴ ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ አሉ፤ ይቅርታ ለማለት ከዚህ የበለጠ የተጠጉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ከዚያ መንገድ ዳር እንደቆምን ነገሩ ንጹሕ ሆኗል፣ እንግዲህ ይቅር ተባባሉ ብለው እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

«ለምን እንዳመንኩ ግን አልጠየቃችሁኝም» አለች አስካለ።

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሸሚዙ አይደለም ያሳመነኝ። ሽቶውም አይደለም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ደስ ብሎት ይገባ ነበር። ከቢሮ ሲገባ ሃያ አራት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ደስ ብሎት የገባበት ቀን የለም። ሰው በእግሩ ስለሄደ ብቻ እንዲህ ይሆናል ብዬ እንዴት ልመን? ሴት ናት አልኩ። ሴት ብትሆን እንኳን ይገባኝ ነበር።»

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው መለሱት። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ ሰፈሩን፣ ወልዴን፣ ወንበሩን፣ ዘበኛውን ሁሉ በየተራ ስንቅ ነበር፤ የሚናቅ ሰው አለቀብኝና ራሴ ጋ ደረስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሦስተኛው ሽማግሌ ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ሸፍኜ፣ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ አስካለ በሩ ላይ ቆማለች። ሐዋሳ የምትማረው ልጃችን ጥላው የሄደችውን ጫማ አድርጋለች፤ እንደሚሰፋት አውራ ጣቷ አካባቢ ያስታውቃል። ወዴት ነሽ አላልኳትም። ፈራሁ። በጋሽ ደምሴ ፊት አለፍን፣ በታክሲ ተራው አለፍን። ተራ አስከባሪው አሁን ሁለት ሆነን ሲያየን ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። ሰላም ያሏትን ሴቶች ሁሉ ሰላም አለች፤ አንዷ ወዴት ነሽ ብትላት ከባሌ ጋር ነኝ አለቻትና አለፈች።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ገና ያልተከፈተ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አውልቃ ጠጠር አራገፈች። ደክሟት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ታክሲ ልጥራልሽ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስንት ጊዜህ ነው ከጀመርክ?» አለችኝ።

«አራት ወር ሆነኝ» አልኳት።

«አራት ወር ሙሉ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሐሳቤ ቀለለ እያልክ ለጋሽ ደምሴ ሳይቀር ትናገራለህ» አለች። «አንድ ቀን ግን ነይ አላልከኝም።»

ምክንያት ፈለግኩ። ጉልበትሽን ያምሻል ልላት አሰብኩ፤ አያማትም፣ የሚያመው እኔን ነበር። መንገዱ ለሴት አይመችም ልል አሰብኩ፤ በአጠገባችን ሽንኩርት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች እያወሩ አለፉ። ሰው ምን ይላል ልል ነበር፤ ሰው የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል። እውነቱ እንዲህ ነው፤ አላሰብኩትም። አለቃዬን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ላይ ያስተኛሁት ሰውዬ፣ አጠገቤ የምትተኛዋን እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

«ይወስድሻል?» አልኳት። «እንቅልፍ።»

ጫማዋን እያሰረች ሳቀች፤ የንቀት ሳቅ ነበር፣ ግን ሳቅ ነው። ከዚያ ተነሳች።

«ተነስ» አለችኝ። «እያወራሁህ እሄዳለሁ፤ ይረፍድብሃል።»

ቀድማኝ ሄደች። በአሸዋው ላይ፣ በድንቹ መሃል፣ በሚኒባሱ ጎን ወደ ኋላ ሳታይ እያወራች ትሄዳለች፤ ግማሹ ይሰማኛል፣ ግማሹን መኪና ይወስደዋል። የአራት ወር ልምምድ ያለኝ ሰውዬ ልደርስባት አልቻልኩም።